እሮብ ቀን በአቬይሮ

ከባቡር ወረድሁኝ፤ ጥቅምት ነው፣ ማለዳ፤
ከተማው ተኝቷል ከነጭ ጉም ጓዳ።
ሻንጣዬ ከኋላ ሲጮህ በኮብልስቶን፣
ስሄድ በቦዩ ዳር፣ ሳላውቅ አቅጣጫውን፣
የጨው ክምር አየሁ ከውሃው ዳርቻ፣
ነጭ፣ ሹል፣ ዝም ያለ፣ የቆመ ለብቻ።
«ስኳር!» አለ ሆዴ። ረሃብ መች ያጣራል፤
ነጭ ነገር ሁሉ ጣፋጭ ይመስለዋል።

የካፌዋ ባለቤት ሰማንያ ዓመቷ ነው፤
ዶና ዴኦሊንዳ፣ ዱቄት ጣቷን የወረሰው፣
መነጽሯ በክር ከአንገቷ ያለው።
ከመስታወቱ ሥር የተደረደሩት፣
ቀንድ አውጣ፣ ዓሣ፣ በርሜል፣ ዛጎል የመሰሉት፣
ስስ ቂጣ ናቸው፣ ብርሃን የሚያሳልፉ፣
ሆዳቸው አስኳል ነው፣ ጢም ብሎ እስከ አፉ።
ቢጫው ደግሞ ቢጫ! ስም አላገኘሁለት፤
ፀሐይዋ ከጉሙ ሸሽታ
የት እንደገባች ያኔ ነው የገባኝ ድንገት።

«የመነኮሳይያት ነው» አለችኝ በምልክት፣
በእጅ፣ በቅንድብ፣ በስብርባሪ ቃላት፦
«ቀጥ እንዲል ቆባቸው በእንቁላል ነጭ ሲነከር፣
አስኳሉ ተረፈ፣ ጓዳ ሙሉ ነበር።
መጣል ኃጢአት ሆነ፤ ለስኳር ተዳረ፣
ጨረቃ እስክትወጣ እሳት ላይ አደረ፤
ጣፋጩ ሁሉ እንዲህ ነው፣ ከትራፊ ጀመረ።»

አንዱን በሁለት ጣት አንስታ ሰጠችኝ።
እጄን ዘረጋሁኝ። እናም ቀኑ ያዘኝ።

እሮብ ነው።

«ለመንገደኛማ ጾሙ ይላላል» የሚለው
ወንድሜ ነበረ፤ እሱን ምን ቸገረው፣
ሑዳዴ ሲገባ ነው መንገድ የሚጀምረው!
በምን ቋንቋ ልበል፦ «እንቁላል አልበላም፣
ዛሬ ብቻ ነው እንጂ ጠላትሽ አይደለሁም»?
ጣቴን ወደ ሰማይ፣ ከዚያ ወደ ሆዴ
ጠቆምሁ። «ታመምህ ወይ?» አለችኝ በዘዴ።
የስኳር ሕመም መሰላት፤ ዐይኗ ላይ ሐዘን ወጣ፤
ቡናው ያለ ስኳር፣ ያለ ማንኪያ መጣ።

እንግዲህ ተቀመጥሁ። አፌ ጾም ቢውልም፣
ዐይንም ይጾማል አሉ፤ የእኔ ግን አልቻለም።
አዴሪቶ፣ ጨው ዛቂው፣ በሁለት ጊዜ ጎርሶ፣
ዐይኑን ጨፈነና፣ ትንፋሹን መልሶ፣
ወደ ጨው ሜዳው ሄደ ጣቱን ልሶ ልሶ።
ሁለት እህትማማች፣ ባለ ባርኔጣ፣
አንድ ዓሣ በቢላ ሲከፍሉ በቁጣ፦
ጭራው ለማን ይሁን? ጭንቅላቱስ በዕጣ?
«አርባ ዓመት ነው» አለች ዴኦሊንዳ ኋላ፣
«ዓሣውስ ተቆረጠ፤ ጠቡማ በየትኛው ቢላ!»

«ነገ!» አልሁ በጣቴ። «ሐሙስ ዝግ ነን» አለች።
ዓርብ ባቡሬ ነው፤ ዓርብም ያው ዓርብ ነች፣
እሮብን ተክታ ልትጾም የቆመች።
የቀን መቁጠሪያዋን ከግድግዳ አወረድሁ፣
እሮብና ዓርብን በጣቴ ከበብሁ።
አየችኝ፤ ደግማ አየች፤ ከዚያ ሳቋ መጣ፦
«እናቴም በዓርብ ዕለት ሥጋ አታወጣ፤
እንቁላል ግን» አለች፣ «ምን አድርጎ ተቀጣ?»

ስድስቱን መርጣ በካርቶን ደረደረች፣
በቀይ ክር አሰረች፣
ገንዘቤን ስቆጥር እጄን መለሰች፣
በክዳኑም ላይ፣ በእርሳስ፣ በራሷ ፊደል፣
«ቅዳሜ» ብላ ጻፈች።

ዓርብን ሙሉ ባቡር፣ ሌሊቱን አውቶቡስ፤
ካርቶኑ ጭኔ ላይ፣ ክሩን ስዳብስ ስዳብስ።
ሳላማንካ ነጋ። የጣቢያ ወንበር፣ ብርድ።
ከፈትሁት፦ በመንገድ
ዛጎሉ ተሰብሯል፣ ዓሣው ጭራ አጥቷል፣
አስኳሉ ከቂጣው ጋር አንድ ላይ ሆኗል፣
ስኳሩ ጠርዙ ላይ አሸዋ መስሏል።
ጎረስሁ።
ሁለተኛውን ጎረስሁ።
ሦስተኛው ላይ አፈርሁና ቀና አልሁ።

ወለል የምትወለውል ሴት ቆማ ታየኛለች፤
ደረቷ ላይ ስሟ አለ፦ ኤውፍራሲያ። ካርቶኑን ገፋሁላት።
በጓንቷ ጫፍ አንሥታ፣ ቁርጥራጩን በላች፣
ዝም አለች፣ መወልወያዋን አስደገፈች፣
ክዳኑን ገልብጣ አነበበች፦ «ቅዳሜ»፤
የካፌው ስም መስሏት፣
እንዳትረሳው፣ በከንፈሯ ደገመች።

አላረምኋትም።